እግሬና ማሽኑ

ስትሮክ መትቶኝ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለች። ሌላው አካሌ አልሐምዱሊላህ ተመልሷል፤ እሷ ግን ጣቷን መሬት ለመሬት እየጎተተች አሳፈረችኝ። ዕድሜዬን ሸዋ ሮቢት ማሾ ስነግድ የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን መስገድ ጀመርኩ። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። ልጆቼ አረብ አገር ናቸው፤ ይደውሉና «አባባ፣ እግርህ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ መልሼ ሳልጨርስ ካርዳቸው ያልቃል። አሰልቺው የቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳ ያለ እኔ መካሄድ ያዘ። በዚያስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ከፋኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጁምዓ መስጊድ ሄጄ ከሰው ጋር ሶፍ ላይ፣ በሰጋጆች ረድፍ መቆም፣ እግር ለእግር ገጥሞ።

ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቅልጥሜ ላይ ሁለት ልጥፍ ለጥፋ በኤሌክትሪክ ማሽን ትነዝረኝ ጀመር። ጡንቻው ይኮማተርና እግሬ ብድግ ትላለች። ጫማዬ ላይ ደግሞ እግሬ ምን ያህል እንደተነሳች የምትለካ ትንሽ ዕቃ ታስራለች። ለማሽኑ የምትነግረው ያቺ ዕቃ ናት፤ እግሬ ዝቅ ካለች ንዝረቱን ይጨምራል፣ ከበቃት ይቀንሳል። በሙቀቱ ላብ ሲወርደኝ ልጥፉ ይላቀቃል፤ መብራትም ይጠፋል፤ እንደገና እንጀምራለን።

«ማሽኑ የጎደለውን ብቻ ነው የሚሞላው አባቴ። እርስዎ ሲያነሱ እሱ ይተዋል» አለችኝ።

እኔማ ወደድኩት። እግሬን ጠይቆ መልሷን የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እግሬ ተነሳች፤ ንዝረት ግን የለም። «መብራት ሄደ» አልኳት። «አልሄደም» ብላ ማሽኑን አሳየችኝ፤ እንደበራ ነው። እግሬን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደስ አለኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ጁምዓ በባጃጅ ሄድኩ። ሶፉ ላይ ስቆም በቀኜ ያለው ጎልማሳ፣ የድሮ የማሾ ደንበኛዬ፣ ሰላም ብሎኝ ፈንጠር አለ። እግሬን እንዳይነካብኝ አዝኖልኝ ነው። በመሃላችን አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ቀረ። እቤቴ ወንበር ላይ እንኳ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ኢማሙ «ሶፋችሁን አስተካክሉ» አሉ። እኔም ጠጋ አልኩ፤ ጣቴን ከመሬት አነሳኋት፣ ወደ እሱ ወሰድኳት፣ ከእግሩ ገጠመች።

ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። «ረገጥኩዎት እንዴ ጋሼ?»

«አልረገጥከኝም» አልኩት። «እግርህን መልሳት።»