የአባቷ ጢንዚዛ

በቤተ መዘክሩ የነፍሳት ክፍል የሚሠሩት ሁሉ «ዳኛዋ» ይሏታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም፤ አንድ ጢንዚዛ ዝርያው ሲያወዛግብ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፣ እሷም በማይክሮስኮፕ አገላብጣ አይታ ትፈርዳለች፤ አበቃ፣ ይግባኝ የለም። ዕድሜዋን የፈጀችው ናፍታሊን በሚሸት ክፍል፣ በመርፌ የተወጉ ጢንዚዛዎች በተደረደሩባቸው መሳቢያዎች መካከል ነው። ትንሽ ኮራ ትላለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። ብትኮራስ ምን አለበት? ሥራዋን ታውቀዋለቻ።

አባቷ በሞተ ዓመት አንድ ቀንዳም ጥቁር ጢንዚዛ አገኘች። መጽሐፍ ብታገላብጥ፣ መሳቢያ ብትበረብር፣ እሱን የሚመስል የለም። አዲስ ዝርያ ነው አለችና በአባቷ ስም ሰየመችው። እናቷ ያን ጊዜ የሆነችውን መሆን! ያልነገረችው ጎረቤት የለም፤ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አፏን ከፍታ ተኝታ ሳለ አስረድታዋለች። «ባለቤቴ ሳይንስ ውስጥ ገብቷል» ነበር አባባሏ። የጢንዚዛው ፎቶም ሳሎን ውስጥ ከባሏ ፎቶ ጎን ተሰቀለ።

ዘንድሮ በእናቷ ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ አበባ በአበባ ሆነ። ዳኛዋም ምን ምን ነፍሳት እንደሚጎበኙት ለማየት ወንበር ይዛ ሥሩ ተቀመጠች። ንብ መጣ፣ ዝንብ መጣ፣ ቢራቢሮ መጣ። ቀጥሎ ያየችው ግን ክው አደረጋት። የአባቷ ጢንዚዛ፣ ያ ቀንዳሙ ጥቁር፣ አንዲት ቀንድ አልባ አረንጓዴ ጢንዚዛ ላይ ተፈናጥጦ ቁጭ ብሏል። አረንጓዴዋ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የታወቀች፣ የራሷ ስም ያላት ዝርያ ናት። አንድ ጥንድ ብቻ ቢሆን ተሳስተው ነው ብላ ባለፈችው። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ ግን በየቅርንጫፉ ያው ነው። ወስዳ ሆዳቸውን ከፍታ ብትመረምር ቀንዳሞቹ ሁሉ ወንድ፣ አረንጓዴዎቹ ሁሉ ሴት። ለካስ ዳኛዋ ሳታውቀው ባልና ሚስት አፋትታ ኖሯል።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ዝርያ ሁለት ስም ከተሰጠው የቀደመው ይጸናል፣ የኋለኛው ይሰረዛል። የሚሰረዘው እንግዲህ የአባቷ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የሷን ፍርድ ማን ደፍሮ ይመረምራል? ብትናገርስ እናቷን በምን ዓይኗ ታያታለች? ቢሆንም የሰውን ስህተት ስታርም ኖራ የራሷን መደበቅ አልሆነላትም። እንደ ልማዷ እቅጩን ጽፋ አሳተመችውና መጽሔቱን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻት። የተሳሳተችው ራሷ እንደሆነች፣ ሁለቱ ጢንዚዛዎች አንድ እንደሆኑ፣ የአባቷ ስም ከእንግዲህ እንደማይጠራበት ነገረቻት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ መጽሔቱን ተቀበለቻት።

«ማነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«የታለ ስምሽ?»

ከርእሱ ሥር አሳየቻት። እናትየው መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው፤ መጀመሪያ የልጇን ስም፣ ቀጥሎ የባሏን።

«ይኸው አለ አይደል እንዴ፣» አለች። «ጢንዚዛ ላይ በውሸት ከሚቀመጥ፣ እዚህ አንቺ አጠገብ ይሻለዋል።»