የእናቴ ነጠላና የካርቱም ቶብ

በማግስቱ ለሥራ ወደ ካርቱም መንገድ ልጀምር፣ ምሽቱን እናቴ ሳጥኗን ከፈተች። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሩን ዘግተን እሳት ዳር ነበርን፣ ጭጋጉ ግን በስንጥቁ እየገባ ይሰልለናል። ሳጥኑ የክት ልብስ ማስቀመጫ ነው። አሪቲ ስለምትጨምርበት በተከፈተ ቁጥር ቤቱ እሑድ እሑድ ይላል። ከውስጡ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላዋን አወጣች። ለገበያና ለለቅሶ የምትለብሳት የዘወትር ነጠላ አለቻት፤ ይቺን ግን ከማርያም ደጅ በቀር የትም ለብሳት ሄዳ አታውቅም።

"እንኪ፣ ያዢ" አለችኝ።

"አንቺስ እማ?"

"እኔማ አገሬ ነኝ፣ ማን እንደሆንሁ ይታወቃል። አንቺን ግን እዚያ የሚያውቅሽ የለም። ልብስሽ ነው የሚናገርልሽ።"

አልወስድም ብዬ ልከራከር ስል ወደ አገውኛ ገባች። እናቴ አማርኛውን ትታ አገውኛ ከጀመረች ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ነጠላዋን አጥፌ ከሻንጣዬ ሥር አስቀመጥኋት።

ይህን የምጽፍላችሁ ጠባዬን አውቃችሁ እንድታነቡልኝ ነው። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ የወረስሁትም ከእሷ ነው። ክረምት ክረምት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቀሚሳችንን ሸብ አድርገን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጭቃውን እናቋርጣለን። ከደጁ በታች ካለችው ምንጭ እግራችንን ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ነው የምንገባው። እናቴ እዚያች ምንጭ አጠገብ ቆማ የሚያልፈውን ሰው የልብስ ጠርዝ ታያለች። ቀሚሷ ጭቃ የነካ ሴት ካለፈች ምንም አትናገርም፤ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። እኔም የሰውን ልብ ከጠርዙ ማንበብ ለምጄ አደግሁ።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው የሚባለው ወሬ በደራበት ዓመት ነው የወጣሁት። በባሕር ዳር፣ በጎንደር አድርገን መተማ ደረስን። ከድልድዩ ማዶ አማርኛ የሚቀላቅል አንድ የሱዳን ፈታሽ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ነጠላዋን ጎትቶ አወጣት።

"ይሄ ምንድን ነው? ለሽያጭ ነው?"

"አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሴ ነው።"

"ሌላ ቦታስ ምን ትለብሻለሽ?"

"ይሄው የለበስሁትን።"

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። መንገዱ አቧራ አልብሶኝ ነበር። "ለእግዜር ደህናውን፣ ለሱዳን ይሄን?" አለና የተቀየመ መስሎ ማኅተሙን መታልኝ። ወንድ ልጅ ሲቀልድ ደስ አይለኝም፤ ገዳሪፍ እስክደርስ ምን ፈልጎ ነው ስል ነበር።

የጫግኒን ሙቀት እንኳ ቅዝቃዜ ነው የምትሉት ካርቱም ስትደርሱ ነው። ሰማዩ ዝናብ አያውቅም፣ ውኃው ጨው ጨው ይላል፣ እረፍቱ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ቅዳሴያችንም ዓርብ። እሑድ የሌለበት አገር ገባሁ ብዬ አለቀስሁ። ደይም የሚባል ሰፈር ከሐጃ ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ሐጃ ሱዳናዊቷ አከራዬ ናት። የመጀመሪያውን ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ ነጠላዋን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልሁ። ሐጃ መጥታ ደረቷን ደቃች።

"ባልሽ መቼ ሞተ?"

በዚያ አገር ነጭ የምትለብስ ሴት ባሏ የሞተባት ናት፤ ያን ጊዜ አላውቅም።

"ባል የለኝም።"

"ባል ከሌለሽ ማን ሞቶ ነው ነጭ የለበስሽው?"

"ማንም አልሞተም ሐጃ። የጸሎት ልብስ ነው።"

"ባሏ የሞተባትማ ከቤት አትወጣም። አንቺ ነጭ ለብሰሽ ትወጫለሽ፣ እየሳቅሽ ትመለሻለሽ" አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወጣም ስገባም በመጋረጃ ታየኝ ጀመር። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔን ግን በማያውቁኝ አገር መበለት አደረጉኝ።

በመንገድ ላይ ፀጉር መሸፈን ግዴታ ነው። ስለዚህ ሴቶቻችን ጥርሃ የሚሉትን የዚያ አገር ሻሽ ተከናንበው ይመጡና፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከፌስታል ነጠላ አውጥተው ይቀይራሉ። መጀመሪያ ሳይ አልወደድሁትም። ልብሱን በር ላይ የሚቀይር ሰው ልቡንስ የት ነው የሚቀይረው እላለሁ። በሳምንቱ እኔም ፌስታል ይዤ ተሰለፍሁ፤ ምን ላድርግ?

አንዲት ሴት ብቻ አትቀይርም። ስንዱ ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የሱዳን ሴቶች ሰውነታቸውን የሚጠቀልሉበትን ረጅም ቶብ እንደለበሰች ትገባና ግድግዳውን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ትቆማለች። እኔ ደግሞ ጸሎቴን ትቼ እሷን እጠብቃለሁ። ሰልማ ይሆን? የሱዳን ባል ደብቃ ይሆን? ወይስ ወሬ ልትለቅም ነው የምትመጣ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ ያላመኑትማ ምን ሊያደርግ ነው? አንድ ዓርብ አላስችል አለኝና ቅዳሴ እንደወጣ ተጠጋኋት።

"እቴ ስንዱ፣ አትቀየሚኝና፣ ነጠላ የለሽም እንዴ?"

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ከቤትሽ እስክትደርሺ እግዜር በመንገድ ላይ አያይሽም?"

"ያየኛል እንጂ።"

"በጥርሃ?"

"በጥርሃ።"

"ታዲያ በር ላይ ስትደርሺ ማንን ልታታልዪ ነው የምትቀይሪው?"

ፌስታሌን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁ። ስንዱ አንዲት አሮጊት እያስታመመች አድራ በቀጥታ እንደምትመጣ ኋላ ሰማሁ። ባልም የላት፣ ወሬም አትለቅም። ጥርጣሬዬ የሚይዘው ነገር አጣና ለራሴ ተረፈኝ። የእናቴ ነጠላ ደግሞ በዚያ ጨዋማ ውኃ በታጠበች ቁጥር እየሳሳች ነው፤ ታልቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። መልሼ ከሻንጣ ሥር አስቀመጥኋትና በጥርሃዬ መግባት ጀመርሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚያን ዕለት ከወትሮው ይልቅ ጸለይሁ፤ የማንንም ጠርዝ አላየሁም።

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። የክቷን ለእኔ ሰጥታ በዘወትሯ ነው የምትሳለም። ስንዱን ይዤ ገበያ ወጣሁና ለእናቴ ነጭ ቶብ መረጥሁላት፤ ንጹሕ ጥጥ፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን፣ ከነጠላ ይልቅ ጨዋ ልብስ። ሐጃ አየችና "አሁንስ ማን ሞተ?" አለችኝ። "ለእናቴ ነው" ብላት "ውይ፣ አባትሽ ናቸዋ!" ብላ ልታስተዛዝነኝ ተቀመጠች። ወደ ጫግኒ በሚመለስ አንድ ነጋዴ እጅ ላክሁት። እናቴ ደውላ "ልስላሴው! ለማርያም ነው የምለብሰው" ስትል እኔ ራሴ የለበስሁት ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠብኝ። ቄሱ ምን አስተማሩ ስላት ስለ ድንች ታወራኛለች። ነጋዴውን ጠረጠርሁ፤ ልብሱን ቀይሮት ይሆናል። ቀጥዬ ታማ ነው አልሁ። ይቅር ይበለኝና ሃይማኖት ለወጠች እንዴ እስከማለትም ደርሻለሁ። አንድ እሑድ፣ ሥራዬ ሰው ቤት ነውና፣ ለአሠሪዎቼ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ሰዓቱን ረስቼ ደወልሁላት። ወዲያው አነሳችው። ዘግቼ ካሰብሁት በኋላ ነው የደነገጥሁ፦ ቅዳሴ ሳይወጣ ስልክ የምታነሳ እናት አልነበረችኝም። በሚቀጥለው እሑድ ሆን ብዬ በዚያው ሰዓት ደወልሁ። አሁንም አነሳችው። ከኋላዋ የማይክሮፎን ቅዳሴ ከሩቅ ይሰማል፣ ዝናብ ጃንጥላ ላይ ይወርዳል።

"እማ፣ የት ነሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን ነኝ።"

"ውስጥ ነሽ?"

"የቄሱ ድምፅ ይሰማኛል" አለችኝ።

"እማ፣ አትዋሺኝ።"

"ከቅጥሩ ውጭ ነኝ፣ ከዋንዛው ሥር" አለችኝ። "የላክሽልኝን ለብሼ የገባሁ ዕለት ሴቶቹ ዞር ዞር አሉ። አንዷ፣ ልጅሽ ሰለመች እንዴ፣ የእስላም ልብስ ነው የላከችልሽ አለችኝ። ጨርቅ ነው አልኋት። ኋላ ቄሱ ጠርተው፣ ሰው እንዳይሰናከል የዘወትሯንም ቢሆን ነጠላሽን ልበሺ አሉኝ። በክፉ አይደለም የተናገሩኝ።"

"ታዲያ ነጠላሽን ለብሰሽ ግቢያ!"

"ካወለቅሁትማ ያሙሽን እኔም አመንሁ ማለት ነው።" እዚህ ላይ አገውኛ ጀመረች። ልጄ ምን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ፣ እነሱ እስኪያውቁ ለብሼው እዚሁ እቆማለሁ አለችኝ። ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። እኔ ካርቱም ላይ በስንዱ ቃል የቀለለኝን ሸክም ጠቅልዬ ለእናቴ ነበር የላክሁት።

"ሌላ ነጠላ እልክልሻለሁ እማ። ቶቡን ተዪው።"

"አትላኪ። አንቺ ግን በእኔ ነጠላ ትገቢያለሽ አይደል?"

ጥርሃዬን በእጄ ነካሁት። "እገባለሁ እማ።"

"በይ እንግዲያ፣ እኔም ገባሁ ማለት ነው።"

ከዚያ ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ከምንጩ አጠገብ ቆማ የሰው ጠርዝ ስታይ ዝም የምትለው ዝምታ ነው።

"ጥለቱስ?" አለችኝ። "በዚያ ፀሐይ አልለቀቀም?"

"አልለቀቀም" አልኋት። እሱስ እውነት ነው፤ ዛሬም ከሻንጣዬ ሥር እንደ ሰጠችኝ አረንጓዴ ነው።