ሰው የማይገባበት ባሕር

ሠዓሊው ዕድሜ ልኩን ባሕር ሲስል የኖረ ሰው ነው፤ ዋና ግን አይችልም። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ከነካው እንደ ድመት ዘሎ ይሸሻል። ዳር ተቀምጦ አረፋውን፣ ድንጋዩን፣ ከጀርባው ያለውን ኮረብታ ሲስል ይውላል። ሰውስ? የለም! ሰው ባሕሩን ያበላሸዋል ባይ ነው።

በዚህ ነገር የሚስቱ አንጀት አሯል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሸራውን ጠርዝ የምትሰፋለትም፣ በቀለም የተጨማለቀ ሸሚዙን የምታሸውም እሷው።

"እኔ ከድንጋይ አነስኩ?" ትለዋለች። "አንዷ ጥግ ላይ ብትሸጉጠኝ ምን አለበት?"

"እመቤቴ፣ ሥዕሉ ይረበሻል" ይላታል፣ ዓይኑን ከሸራው ሳያነሳ።

"ይረበሻ! እኔስ ካንተ ጋር ስረበሽ ኖሬ የለ?"

እውነቷን ነው፤ ግን ማን ይሰማታል።

አንድ ቀን ለኤግዚቢሽን የሚያቀርበውን ትልቁን ሥዕል ሊጨርስ ወደ ባሕሩ ወረደ። እሷም ምሳውን ይዛ ተከተለችው። ነፋሱ አያድርስ ነው። "በገመድ እሰረው" አለችው። "ሥራዬን ለእኔ ተይልኝ" አላት። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነፋሱ ሸራውን ከማቆሚያው መንጭቆ ባሕሩ ላይ ወረወረው።

የወራት ልፋት! ሰውዬው አበደ። ዋና አለመቻሉን እንኳ ረስቶ ከነጫማው፣ ከነባርኔጣው ገባ። ውሃው ወገቡ ጋ ደረሰ፣ ደረቱ ጋ ደረሰ። ሸራው ደግሞ ያዝኩት ሲል ፈቀቅ ይልበታል።

ውሃው አገጩን ሲነካው ነገሩ ትዝ አለው። ወይ ጉድ! ወደ ዳርቻው ዞረ። ከባሕር ውስጥ ሆኖ የብስ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ኮረብታው አለ፣ ድንጋዮቹም አሉ። ከሁሉ ፊት ሚስቱ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ጨብጣ፣ ማዕበሉን በሚያስንቅ ድምፅ እየጮኸች ወደ ውሃው ትገባለች። እሷም እኮ ዋና አትችልም! ከዚያ በኋላ ኮረብታም ድንጋይም አልታየውም።

እየተንገዳገደ፣ የጨው ውሃ እየተፋ ወጣ። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች የስድብ መዓት አወረደችበት። ሸራው እንደሄደ ቀረ።

ለኤግዚቢሽኑ የቀረበው እንግዲህ ሌላ ሥዕል ነው። ከባሕሩ ውስጥ የታየ ዳርቻ፣ መሀል ላይ ጫማ ጨብጣ አፏን በሰፊው የከፈተች ሴት። ሰው ከቦ ሲስቅ ሚስቱ ደረሰች። ስታየው ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምኜህ፣ አፌን ከፍተህ ሳልከኝ? ምን እያልኩ ነው ደግሞ?"

"'ሥዕሉ ገደል ይግባ፣ አንተ ብቻ ና!' እያልሽ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አጠገባቸው አንድ ሰውዬ ዋጋ ሲጠይቅ ሰማችና ዞረችበት።

"አይሸጥም፣ ወንድሜ!" አለችው። "ይህ ሰው እንደገና ባሕር ካልገባ እንዲህ አድርጎ አይስለኝም፤ እኔ ደግሞ ዳግመኛ አላስገባውም።"