ዝቅ፣ ቀና

ሲያስሩኝ ያስገቡኝ ወረታ ዳር ካለ የሩዝ መጋዘን ነበር። ሩዙ ወጥቶ ሰው ገብቶበታል። ገለፈቱ ግን ወለሉ ላይ ስለቀረ እግር በተነሳ ቁጥር አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል፤ ቆርቆሮውም ከረፋድ ጀምሮ ያነድዳል። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ስጠብቅ፣ ተጣበው የተቀመጡት ሰዎች ተነቃነቁ። ብድግ ብድግ እያሉ፣

"ኖር!" አሉኝ።

እንግዳ ቤት የገባሁ ያህል። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

"በእግዜር!" አልኩ።

ቦታ ያካፈሉኝ አንድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅዎ የት ገባ ተብለው ነው የታሰሩት። ግራ ጉልበታቸው ስላበጠ ለእኔ የተነሱት በግማሽ ነበር።

"አንተስ ልጄ፣ ምን አርገህ ነው?"

"ጃፓንኛ ተምሬ።"

"ምንኛ?"

ነገርኳቸው። የሩዝ ባለሙያ ነኝ። ጃፓን አገር ለሚሰጥ ሥልጠና ታጭቼ ነበር፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው በሙያው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመለስ። የቀረኝ የቃል ፈተናው ብቻ ነበር። ያስተማረችኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ወረታ የምታስተምር፣ ቀድሞ ጃፓን የተማረች ሴት ናት። "ቋንቋው ብቻውን አያሻግርህም፤ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቀረብ ካላወቅህ ምላስህ ባዶ ነው" ትለኝ ነበር። ስለዚህ የጃፓኖቹን እጅ መንሳት አለማመደችኝ። እጅ ጭን ላይ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ከወገብ ዝቅ። ቤቴ እንድለማመደው ድምፅዋን ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ቤቴ ሲፈተሽ የተገኘው እሱ ነው፦ "ዝቅ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀና!" ቀጥሎ ማንም የማይሰማው ቋንቋ።

መርማሪው ደጋግሞ አስከፈተው።

"ይኼ የወታደር ሥልጠና ካልሆነ ምንድን ነው?"

"ሰላምታ ነው።"

"ሰላምታ በቁጥር?"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። የማይጮህ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነበር፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ፈተናህ መቼ ነው?"

"ከነገ ወዲያ።"

"የሴትዮዋን ስም ንገረን፣ ለፈተናህ ትደርሳለህ።"

ይህን ስጨርስ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ጠየቁኝ።

"እኒያ የጃፓን ሰዎች ኖር የላቸውም?"

"አላቸው እንጂ አባቴ። የእነሱ ዝቅ ማለት ነው። ለእኩያ ቀለል፣ ለትልቅ ሰው ጠለቅ ይላል።"

"ለእስረኛስ?"

"እሱን አልተማርኩም።"

ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንተ ግን ስሟን ብታወጣ አውቀህ ነው። አስብበት ልጄ።"

አሰብኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ዓመት የለፋሁበት ሥልጠና ነው! እሷ ደግሞ ተጠይቃ ትለቀቅ ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ግን መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ተጠይቆ የተለቀቀ አንድም ሰው አላየሁም።

በፈተናው ቀን ማለዳ ጠሩኝ።

"ስሟ?"

"መምህሬ ናት።"

"ስሟን ነው ያልኩህ!"

"መምህሬ ናት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሆድ ይፍጀው።

ሲመልሱኝ ወገቤ አልቃና ብሎኝ በር ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። "ኖር!" አለ ቤቱ። ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ አሁን በግማሽ አይደለም፣ ሙሉ ለሙሉ ቆሙ። በእኛ አገር ለሽማግሌ ልጅ ይነሳል እንጂ ለልጅ ሽማግሌ እንዲህ አይነሳም። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"በእግዜር አባቴ፣ ይቀመጡ።"

"ተቀመጥ!" ብሎ ጠባቂው ከኋላዬ ጮኸባቸው።

"እሱ ገና አልተቀመጠም" አሉት። እኔን ደግፈው ገለፈቱ ላይ እስኪያስቀምጡኝ ድረስ አልተቀመጡም።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። ለሥልጠናው ሌላ ሰው ሄደ፤ ተናደድኩ፣ ዛሬም ሲነሳ ያንገበግበኛል። መምህሬ አዲስ አበባ ተመልሳለች፤ ምን እንደተጠየቅሁ አልነገርኳትም። ጃፓንኛውን ግን አልተውኩትም፣ ሩዝ ማሳ ዳር ስቆም ለብቻዬ እለማመደዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ነው የተሻገርኩት። ሽማግሌው ደጃቸው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አልዳነም። ሲያዩኝ ሊነሱ ዱላቸውን ሳቡ። ቀደምኳቸው። ጭቃው ላይ ቆሜ እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግሁና፣ ለፈተናው እንዳዘጋጀሁት ጠለቅ ብዬ ዝቅ አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይም አልተነሳሁም።

"ምነው፣ ምን ወደቀብህ?" አሉ። ቆይተው ገባቸው። "ያ ሰላምታህ ነው እንዴ?"

"አዎ አባቴ።"

"በእግዜር" አሉ፣ ዱላቸውን መልሰው እያስቀመጡ። "በል ቀና በል፣ ልጄ።"

ወገቤን ስለሚያመኝ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።