«ማንኛውንም ቁልፍ ንኪ» ያልኳት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ስጸልይ እንኳን «ኃጢአቴን ሁሉ ይቅር በል» እያልኩ በጅምላ ነው ያለፍኩት። ጅምላ ጥሩ መደበቂያ ነው። ዛሬ ግን በችርቻሮ ልናገር ነው። የምታነቡኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ቶሎ አትዘኑልኝ። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው።

እናቴ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፈተና ታባዛለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታትማለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ደንበኞቻችን «ሽማግሌው» ነበር የሚሉት። በር ላይ ቆመው «ሽማግሌው ዛሬ ተነሳ?» ይላሉ። አንዱማ «ይሄኮ ጡረታው ወጥቶለታል፤ እናንተ ናችሁ አልለቅ ያላችሁት» ብሎ አስቆናል።

ብርቅነሽ የአጎቴ ልጅ ናት፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ልጅ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናቴ ናት ከገጠር፣ ከጉኑኖ ያመጣቻት፤ ቀን ኮፒ ቤቱን ልትጠብቅ፣ ማታ ልትማር። «ታይፕ በደንብ ስትለምጂ ቤቱን ላንቺ ትቼ እኔ ሌላ እከፍታለሁ» ትላት ነበር። ብርቅነሽ ይህን አምናለች። መብራት ሲጠፋ እኛ ደጅ ወጥተን ስናወራ፣ እሷ ካርቶን ላይ የሳለችውን ኪቦርድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን ታለማምድ ነበር።

መብራት ደግሞ ሳይናገር ነው የሚጠፋው። ሲመለስ ሽማግሌውን ስንከፍተው በሰማያዊ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያመጣል፤ ከሥሩ ቁጥር እየቀነሰ ይቆጥራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣ ቀን ብርቅነሽ ጠራችኝ።

«እስኪ ነዪ፤ ይሄ ነገር ምን ይላል?»

እኔ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። አንደኛ! ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ዲስክ የሚል አየሁ። መሐል ላይ አይቼው የማላውቅ ረጅም ቃል ተጋድሟል። ግራ ገባኝ። መጨረሻው አካባቢ ግን «ማንኛውንም ቁልፍ ይንኩ» የሚል አገኘሁና እሱን አንጠልጥዬ ቀና አልኩ። «አላውቅም» ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። ለእኔ ግን ከበደችኝ። ጎበዟ እኔ፣ የከተማዋ ልጅ፣ ከገጠር በመጣች የአጎቴ ልጅ ፊት አላውቅም ልበል?

«እንዲከፈት ማንኛውንም ቁልፍ ንኪ ነው የሚለው» አልኳት።

ነካች። ተከፈተ። «ምነው እኔም እንዳንቺ እንግሊዝኛ ባወቅኩ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ጽሑፉ ይል የነበረው ሌላ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ይዛባል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ልፈትሸው፣ ተዉኝ» ብሎ ነው የሚለምነው። ቁልፍ መንካት ፍተሻውን መዝለል ነው። የነገርኳት የተገላቢጦሹን ነበር።

እሺ፣ እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው በሉ። ልጅ ነበርሽ በሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውንስ ምን ትሉታላችሁ? በዚያው ዓመት የአይሲቲ መምህራችን ይህንኑ ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረዳን። ገባኝ። ቁጭ ብዬ፣ ደብተሬን ዘርግቼ፣ ጥርት ብሎ ገባኝ። ቤት ሄጄ ምን አልኩ? ምንም። ፍተሻው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ በዚያ ኮምፒውተር ለጓደኞቼ መዝሙር በፍላሽ የምገለብጥ ትልቅ ሰው ነኝ። ደግሞስ «ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው» በምን አፌ ልበል? አንድ ጠዋት ብርቅነሽ «ዛሬም ልንካው?» ብትለኝ፣ «ንኪው እንጂ! ስንቴ ልንገርሽ?» አልኳት። ስንቴ ልንገርሽ! ውሸቱ ሳያንስ ቁጣ ጨመርኩበት።

ሽማግሌው እየደከመ ሄደ። ፋይል ስንከፍት ፊደሉ ተዘበራርቆ ይመጣል። ከሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። እናቴ ጎኑን በመዳፏ መታ ስታደርገው ይነሳል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ግን ምን እየሆነ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር!

አንድ ቀን ጭራሽ አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር፣ በቃ። ውስጡ ደግሞ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የአንድ መምህር የማስተርስ ጽሑፍ አለ፤ ማስረከቢያው የደረሰ፤ ሌላ ቅጂ የሌለው።

ሠፈሩ ሁሉ «ኢንጅነር» የሚለው ጠጋኝ መጣ። ከፈተው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ገመድ ቀየረ፣ ከፍላሽ ሊያስነሳው ሞከረ። በመጨረሻ ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘውና ጆሮውን አስጠጋ።

«አለቀለት» አለ። «ሲነሳ ልፈትሽ አይላችሁም ነበር? ሰማያዊ ነገር፣ የሚቆጥር?»

«ይላል!» አለች ብርቅነሽ። «መብራት በጠፋ ቁጥር ይላል። እኔ ቁልፍ እነካለታለሁ።» የፈተና መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ ፈጥና ነው የመለሰችው። ሥራዋን በደንብ እንደምትሠራ እየነገረችው ነበር።

«ትነኪለታለሽ? እየዘለልሽው ነዋ የገደልሽው!»

ጽሑፉን ሊወስድ መጥቶ አጠገባችን የቆመው መምህር በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። እናቴ ዞረች። «ማን ንኪ አለሽ?»

ብርቅነሽ አየችኝ። አልጠቆመችኝም፣ ስሜን አልጠራችም። የምታድሪበት ቤት ልጅ ላይ ጣት አይቀሰርም። እኔ ራሴ እንድናገር ጠበቀችኝ።

እኔ «አትንኪ ብያት ነበር» አልኩ።

ዝም ብል እንኳን አንድ ነገር ነው። ዝም አላልኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አፌን ከፍቼ፣ «አትንኪ ብያት ነበር» አልኩ። አንድ ሰው እንኳን «እውነት ነው?» ብሎ ብርቅነሽን አልጠየቃትም። እኔ እንግሊዝኛ የማውቅ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከገጠር የመጣች ናት። ማንን እንደሚያምኑ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት።

«እንደ ልጄ ነበር ያየሁሽ» አለቻት እናቴ። በማግስቱ ብርቅነሽ ልብሷን በፌስታል ስታስገባ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «የእውነት ግን፣ ያ ጽሑፍ ምን ነበር የሚለው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ያን ጊዜ ወጣችልኝ። እውነት በነበረች ጊዜ ከአፌ አልወጣ ያለችው ቃል፣ ውሸት ስትሆን ሰተት ብላ ወጣችልኝ። ብርቅነሽ ሄደች። የማታ ትምህርቷም እዚያው ቆመ።

አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። በዚህ ሳምንት አጎቴ ዓይኑን ሊታከም ኦቶና ሆስፒታል መጥቶ እኛ ቤት አርፏል። ቦይና የምንለውን ጎደሬና አቮካዶ በጆንያ ይዞልን ነው የመጣው። ትናንት ምሳ ላይ እናቴን ለመናት፤ የብርቅነሽ ታናሽ አስረኛን ጨርሳለች፣ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ብታስገቢያትስ አለ። እናቴ አቀርቅራ «ወንድም ጋሼ፣ የዚያን ጊዜውን አየኸው አይደል? እፈራለሁ» አለችው።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ምንኛ ደስ ባለኝ! «ልክ ነሽ እህቴ» አለ። «እስካሁን አፍራለሁ። ብርቅነሽም ብትሆን የሰው ስልክ እንኳን አትነካም። አበላሸዋለሁ ነው የምትለው።» ከዚያ በታመመው ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺማ አትንኪ ብለሻት ነበር። ተባረኪ ልጄ።»

ተባረኪ!

ምን አድርጌ ነው የምባረከው? አንዷን እህት አባርሬ ሁለተኛዋንም በር ላይ ስላስቀረሁ? አንድ ሽማግሌ በእኔ ውሸት ታናሽ እህቱ ፊት እንዲያፍር ስላደረግኩ? እኔ ፊደል የምጽፍበት እጅ ሰላም ነው፤ የብርቅነሽ ጣቶች ግን ራሳቸውን ይፈራሉ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። መብራት ኃይል አይደለም። ዲስኩም አይደለም። እኔ ነኝ።

አጎቴ ቅዳሜ ይመለሳል። ዛሬ ምሳ ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ ይህን ጽሑፍ በወላይትኛ እያደረግኩ አነብላቸዋለሁ። እናቴ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ላያት አልፈልግም፤ ግን አያታለሁ። ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር በአንድ መኪና እሄዳለሁ። ብርቅነሽ ብትሰድበኝ እቆማለሁ። በሩን ብትዘጋብኝም በሩ የራሷ ነው።

እናንተ «ልጅ ነበርሽ» እንዳትሉኝ። እሷም ልጅ ነበረች፤ ማንም አላላትም። ይቅርታ የሚለውንም ቃል እናንተ ላይ አላባክነውም። ባለቤት አለው፤ ያለችውም ጉኑኖ ነው።