ከማማ የወረደ ነገር

በእኛ በቆቦ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ሰው የሚውለው ማማ ላይ ነው። አራት ባላ ይተከላል፣ በላዩ እንጨት ይረበረባል፣ እዚያ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ ነው። ማሳው የተያያዘ ስለሆነ ከማማ ማማ ጨዋታ አለ፤ አንዱ የቀለደውን ሌላው ተቀብሎ ያሻግረዋል፣ ወንዙን ሳይቀር ይሻገራል። የታላቅ ወንድሜን ትዳር ያናጋው ይኸው ጨዋታ ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጣች። ከታች ሆና "ኧረ ውረድ፣ ቀዘቀዘ!" ብላ ስትጣራ ወፉ ከማሽላው ግር ብሎ ተነሣ። አጋጣሚም ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ወንድሜ ግን ዝም ይበል? ማማው ላይ ቆሞ፣

"ጎረቤት! ከዛሬ ወዲያ ወንጭፌን ጥያለሁ! ሚስቴን ነው የማወጣ፤ ወፉ ድምጿን ከሰማ ሮቢት ሳይደርስ አይቆምም!" አለ።

ጎረቤት ሳቀ። እኔም ከጎን ካለው ማማ ሆኜ ሳቅሁ። እሷ ምሳውን ከማማው ሥር አስቀምጣ ጎብዬ ወዳለው አባቷ ቤት ገባች።

ሁለት ነፍስ መሆኗን ማንም አላወቀ። ክረምት ሊገባ ሲል ወንድ ልጅ መውለዷን ገበያተኛ ነገረን። ልጁም በእናቱ አባት ስም እንደሚጠራ ጨመረልን። ወንድሜ እህል አልቀምስ አለ።

"ልጄ የአያቱ ልጅ ተብሎ ሊያድግ ነው? ነገ መንገድ ላይ ባገኘው ምን ብሎ ይጥራኝ? ጋሼ?"

ልብ ቢኖረው ሽማግሌ ይልክ ነበር። በእኛ አገር የተቀየመ ሰው ደጅ የሚረገጠው በሽማግሌ ነው። እሱ ግን ቸኩሎ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ሄዶ ከሰሳት።

ችሎቱ ዛፍ ሥር ነበር።

"ልጁ የዚህ ሰው ነው?" አሏት ዳኛው።

"አይደለም ጌታዬ።"

ሰው ጉድ አለ። ባልና ሚስት እንደነበሩ መስክረናል፤ ነገር ግን የልጅን አባት የምታውቅ እናቱ ናት ይባላልና ዳኛው ቃሏን አልፈው መፍረድ ከበዳቸው።

"እንግዲያ አባቱ ማነው? ልጅ ከሰማይ አይወርድም።"

እሷ ቀና ብላ ችሎቱን ከዳር እስከ ዳር ታየው ጀመር። አቤት! እዚያ የነበረ ወንድ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሳበም አለ። አንድ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት "በሬዬን ሳላስር ነው የመጣሁ" ብለው ተነሡ። ሁሉ ሲያቀረቅር ቀና ያልሁ እኔ ብቻ ሆንሁና ወንድሜ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

"ምን ታየኛለህ?" አልሁት።

"ኧረ ዝም ብዬ ነው" አለ፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

"የእሱ አይደለም ብለሽ ታቦት ፊት ለመማል ትደፍሪያለሽ?" አሏት ዳኛው።

እሷም "በሐሰት አልምልም። እውነቱን ግን እሱ ውርደቴን ሳያነሣልኝ አላወጣም" አለችና የማማውን ነገር ዘረገፈችው። ዳኛው ሳቃቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሲያበቁ ቀጠሮ ሰጡ፤ ነገሩንም ወደ ሽማግሌ መለሱት።

ሽማግሎቹ "ከማማ የወረደ ነገር የሚነሣው ከማማ ነው" አሉ። ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በዚያው ማማ፣ ያኔ የሳቀው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ማሽላው እንደገና ደርሷል፤ ወፉም ጎረቤቱም በየቦታው ነው። ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ ሲወጣ ማማው ሲጥ ሲጥ አለ።

"ድንጋዩን ጣለው፣ ልጄ" አሉት አንዱ ሽማግሌ። "ከወደቅህ ልጁ አባቱን ሳያገኝ ሊያጣ ነው።"

ወጣና "ጎረቤት ስሙኝ! ያኔ ያልሁት ሐሰት ነው! የሚስቴ ድምፅ ማር ነው!" ብሎ ጮኸ።

እሷ ልጇን አዝላ ከታች ቆማለች። "አልሰማሁም" አለች።

ደገመ።

"እኔ ብሰማ ምን ይረባል? የወንዙ ማዶ ሰው አልሰማም።"

እንደገና ቢጮኽ ድምፁ ተሰነጠቀ። አንዲት ወፍ እንኳ ከማሽላው ንቅንቅ አላለችም፤ ትለቅማለች። እሷ ይህን እያየች መታገሥ አቃታት።

"እህሉ አለቀ እኮ! ሂድ ወዲያ!"

ወፉ ግር ብሎ ተነሥቶ ሰማዩን አጠቆረው። ሽማግሎቹ ተያዩ። ማን ደፍሮ ይሳቅ? በመጨረሻ የሳቀችው ራሷ ናት። ልጁ ጀርባዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ ለምዶታል።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ደግመው ጠየቋት።

"አባቱ እሱ ነው ጌታዬ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አይደለም አልሽ?"

"ያኔ መቼ ጠየቀኝ? ከሰሰኝ እንጂ።"

"ልጁ በዚህ ሰው ስም ይጠራ። ወደ ቤቱስ ትመለሻለሽ?"

"አባትነቱን ሰጥቼዋለሁ። ባልነቱን አስብበታለሁ።"

ወንድሜ ልጁን ተቀብሎ "አባትህ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይለዋል። ልጁ የማያውቀው ፊት ሲያይ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ዛፉ ላይ ያለው ወፍ ሁሉ ብር አለ። ዳኛው ቀና ብለው ወፉን በዓይናቸው ሸኙና፣

"አባቱን በስንት ክርክር አገኘነው፤ ለእናቱስ ምስክር አያሻም" አሉ።