ድንጋይ ከነካ ፈቀቅ ይበሉ

ጓሉን ከከረጢቱ አውጥታ በእንጨት ዘነዘና ቀስ እያለች ታደቅቃለች። መውቀጥ አይደለም፤ የሚወቅጥ ሰው ድንጋዩንም አብሮ ይፈጭና አፈር ነው ብሎ ይመዘግበዋል። የደቀቀውን በወንፊት ትነፋለች። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትደፋም፤ ወረቀት ላይ ለብቻው ታኖረዋለች። ካለፈው አንድ ማንኪያ ያህል ግራ መዳፏ ላይ ታደርግና ውሃ በጠብታ እየጨመረች በቀኝ ጣቶቿ ታሸዋለች። ውሃው ሲያንስ ይፈረፈራል፣ ሲበዛ ጣት ላይ ይለጠፋል። መለጠፉን የሚተውበት አንድ ቅጽበት አለ፤ እሱን ትጠብቃለች። ከዚያ እንክብሉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል እየገፋች እንደ ጥብጣብ ታስረዝመዋለች፤ በገዛ ክብደቱ እስኪበጠስ ይንጠለጠላል። በማስመሪያ ትለካዋለች። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ አሸዋ በዝቶበታል። አምስትን ካለፈ ሸክላማ ነው። የዚያን ቀኑ ሰባት ተኩል ደረሰ። ደቃቅ አሸዋ እንዳለበት ለማወቅ ቁንጣሪ ታህል በፊት ጥርሷ ነከስ አድርጋ ተፋችና እጇን ታጠበች።

ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታዋለች። ጠርሙስ አጣቢ ሆና ገብታ፣ እያጠበች ተምራ፣ የአፈር ቴክኒሻን ሆነች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እትዬ ጥብጣብ ይላታል። በጣቷ የምታደርገውን የሚያደርጉ ሁለት መሣሪያዎች በእርዳታ መጥተው ነበር። አንደኛው መብራት ላይ በተሰካ በሦስተኛው ቀን ተቃጠለ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ ነው፤ ላዩ ላይ ፋይል ይቀመጥበታል። እሷን ግን ማንም ካርቶን ውስጥ አልከተታትም፤ ስለዚህ ትሠራለች።

የዚያን ቀን የመጣው አፈር ከማታውቀው ሰው መሬት አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ከጎረቤቶቹ ጋር በበጋ ከብት ከሚያሰማራበት ሜዳ ነው። ሌላ የበጋ ግጦሽ የላቸውም። አንድ ድርጅት ሜዳውን አርሶ ስንዴ ልዝራ ብሎ ጠየቀ፤ መሥሪያ ቤቱም የአፈሩን ጥልቀት የሚለካ ቡድን ላከ። ሕጉ ቀላል ነው። አማካይ ጥልቀቱ ከሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ይታረሳል፤ ካነሰ ግጦሽ ሆኖ ይቀራል።

ቡድኑ አርባ ቦታ ለክቶ በሁለት ቀን ተመለሰ። በሁለት ቀን አርባ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ተወልዶ አያውቅም፤ እነሱም አልቆፈሩም። ቁጥር የተቀረጸበት፣ ጫፉ አፈር ይዞ የሚወጣ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ እየሰኩ ነው የለኩት።

እትዬ ጥብጣብ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ወረቀት ላይ በጣቷ በተነችው። የሣር ፍሬ አለበት። ደረቅ የእበት ፍርፋሪ አለበት። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው «ከ80 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር» ነው።

«ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወርዶ የዘንድሮ እበት ምን ይሠራል?» አለች። የጠየቀችው ግድግዳውን ነው። መልሱን ታውቀዋለች። ይህ አፈር ዋልካ ነው፤ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይጨማደድና እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው ብናኝና ቆሻሻ ስንጥቁ ውስጥ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ ድሮ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ እሱም የራሱ ስንጥቅ አለው። ዘንጉ የአፈሩን ስንጥቅ ከድንጋዩ ስንጥቅ ጋር አገናኝቶ ካገኘ እንደ ቢላ ቅቤ ውስጥ ይገባል። ታዲያ አርባውም ቦታ እንዴት እንዲህ ዕድለኛ ሆነ? የመለኪያ ቅጹን ገልብጣ አየች። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል መመሪያ አለ፤ «ዘንጉ ድንጋይ ከነካ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው እንደገና ይሞክሩ።»

ቅጹን ይዛ የቡድኑ መሪ ቢሮ ገባች። መሪው ቢሮ ውስጥም ባርኔጣ ስለማያወልቅ ዶክተር ባርኔጣ ይባላል። መስክ ሲወጣ ከመኪናው ወርዶ አያውቅም፣ ፀሐይ ግን እንዳትመታው ይጠነቀቃል።

«አማካዩ ዘጠና አንድ ነው» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ስንት ጊዜ ፈቀቅ አላችሁ?»

«እሱ አይመዘገብም፣ እትዬ።»

«መመዝገብ የነበረበት እኮ እሱ ብቻ ነው! ድንጋይ በነካችሁ ቁጥር ሸሽታችሁ፣ ዘንጉ የገባበትን ብቻ ጻፋችሁ። እንዲህማ ከሆነ ይኸ የቢሮዎ ወለልም ሦስት ሜትር ጥልቀት አለው፤ የፍሳሹን ቀዳዳ እስኪያገኙ ፈቀቅ ማለት ነው።»

«እርስዎ የቤተ ሙከራ ሰው ነዎት። ይፈርሙ፣ ፋይሉ ይሄዳል።»

«አንድ ጉድጓድ ይቆፈርና እፈርማለሁ።»

መሪው ፈቀደ። ያላመነበትን ነገር የሚፈቅድ ሰው አይምሰላችሁ፤ ዘጠና አንዱን ከልቡ አምኖበታል። ቁጥር ከኮምፒውተር ሲወጣ አይቶ የማያምን ሰው እሱ ዘንድ ያልተማረ ነው።

በማግስቱ ሄዱ። ወንድሟ ዶማና አካፋ ይዞ ሜዳው ላይ ቆሟል። ቦታውን የመረጠው መሪው ራሱ ነው፤ አሥራ ሰባተኛው፣ አንድ ሜትር ከአሥር የተመዘገበበት። ወንድሟ መቆፈር ጀመረ። ሁለት ስንዝር ገደማ ሲወርድ ዶማው ጮኸ። እህቱ ሜትሯን አስገባች፤ ሠላሳ ስምንት።

«ተንከባሎ የመጣ ድንጋይ ነው» አለ ዶክተር ባርኔጣ ከመኪናው መስኮት።

«እንግዲያው መልሰው ያንከባልሉታ!»

«እታለም፣ ተዪው» አለ ወንድሟ እየሳቀ። «ዶክተር፣ ዳሩን ላግኝልዎት?»

ድንጋዩን እየተከተለ አሰፋው። ጉድጓዱ መጀመሪያ የበር ስፋት ሆነ፣ ቀጥሎ የአልጋ፤ እኩለ ቀን ላይ ስድስት እርምጃ ርዝመት ነበረው። ዳር የለም። ጥቁር ወለል ነው፣ ላዩ በበሰበሰ ቢጫ ፍርፋሪ የተሸፈነ። መካከሉ ላይ አራት ጣት የምትሰፋ፣ ሸክላ የሞላት አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ እዚያች ላይ የዘንጉ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ይታያል። ወንድሟ በዶማው እጀታ አሳየው። «ስድስት እርምጃ ሙሉ ድንጋይ ላይ ይህችን አራት ጣት ማግኘት እኮ ችሎታ ነው፣ ዶክተር። እኔ ብሆን አላገኛትም።»

መሪው በዚያ ሥራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪና ወረደ። አየ። ጫማውን አራገፈ። «አንድ ጉድጓድ አማካይ አይለውጥም» ብሎ ተመልሶ ገባ።

አልፈረመችም። በሳምንቱ ወረቀቱ «ስለ ቴክኒሻኗ» የሚል የሌላ ሰው ፊርማ አርፎበት ሄደ፤ የሜዳው የታችኛው ጫፍ፣ ሠላሳ ሄክታር፣ ታረሰ። የማረሻው ጥርስ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ የትራክተር ነጂው ይንገራችሁ። ሣር በሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር መኖር ያውቅበታል፤ ሥሩ በየስንጥቁ ገብቶ አፈሩን ጨምድዶ ይይዛል። ሣሩ ተገለበጠ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሸክላው በግማሽ ሰዓት አብጦ ተደፈነና ውሃውን አልቀበልም አለ። ውሃው የላላውን አፈር ይዞ ቁልቁል ወረደ። ዝናቡ ሲያባራ ጥቁሩ ወለል ታጥቦ ያበራ ነበር። ስንዴ የሚዘራበት ሳይሆን ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ተገኘ። ድርጅቱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ «ያልተጠበቀ የአፈር ባሕርይ» ብሎ ጻፈ። ያልተጠበቀ! ስድስት እርምጃ ሙሉ ተዘርግቶ ታይቷቸዋል።

ከብቱ አሁን በቀረው ሜዳ ላይ ተጨናንቆ ነው የሚውለው። እሱም ቢሆን አልተረፈም። ሌላ አራሽ ጠይቋል፤ ለሚቀጥለው በጋ ድጋሚ ጥናት ታዟል። መሪው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ቅጹ አዲስ አርማ ተለጥፎበታል፤ ጀርባው እንዳለ ነው።

ስለዚህ እትዬ ጥብጣብ በየዕረፍት ቀኗ ሜዳው ላይ ነች። ወንድሟ ይቆፍራል፤ እሷ ጠርዙን በቢላ ታስተካክላለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ጥናቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ተራርቀው፣ ድንጋዩ ድረስ የተቆፈሩ አሥራ አራት ሰፋፊ ጉድጓዶች አሉ። ከሁሉም ጥልቁ አርባ ሦስት ነው።

«ይኸ ሁሉ ለምንድን ነው?» ሲሏት፣ «ዶክተሩ በሚቀጥለው በጋ ፈቀቅ ሲል እንዲገባበት» ትላለች።

ሕይወቷ እንደሚጻፍ ስትሰማ ሳቀች። «የእኔን ሕይወት ማን ሊያነብ? ግን ከተነበበ፣ በዚያ ሜዳ የሚያልፍ ሰው አይጠፋምና አደራ በሉልኝ። ጉድጓዶቹን አትድፈኑብን፤ ቆሻሻም አትጣሉባቸው። ዙሪያውን በእሾህ አጥረነዋል። ነፋስ ጥሎት ካገኛችሁ፣ ከብት እንዳይገባ መልሳችሁ አቁሙልን። አጥኚዎቹ መጥተው በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኛው እንደፍናቸዋለን።»